ነጥቡ ይደገም

ሠናይት ዳኜ ለአንዲት ኳስ ከወለዷት አባቷ ጋር የምትኳረፍ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ጋሼ ዳኜ እንዲያው ለጨዋታ ብለው «አውት ነች፣ ከመስመር ወጥታለች» ቢሏት፣ ራኬቷን ሜዳው ላይ ጥላ ፌርፋክስ ጎዳናን በእግሯ አቋርጣ ቤቷ ገባች፤ ማታም ገበታ አልቀርብም አለች። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የማወራው፣ ያለዚህ የቀረው ነገር ስለማይገባ ነው። እኔ ራሴ ጠባይዋን እያወቅሁ፣ ያን እሁድ ዝም ስትል አልገባኝም።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መገባደጃ ነው። በጊዜው የስደት ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ የአገራችን ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለም። ሁለት ምግብ ቤቶችና የጋሼ ሀቢብ ጠባብ ሱቅ ብቻ ነበሩ፤ በርበሬውና ሽሮው ከባትሪና ከልብስ ሳሙና ጎን ይደረደር ነበር። እኛ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ፎቁ ላይ እንኖራለን፤ እነሠናይት ከእኛ ሥር፣ ምድር ቤቱን ይዘዋል። አባቴ በሽር ታክሲ ይነዳል። ጋሼ ዳኜ ቀለም ቀቢ ናቸው። እነሱ ጴንጤ፣ እኛ እስላም ብንሆንም የአንዳችን ቤት ከሌላችን ቤት አይለይም ነበር። የሠናይት እናት እትዬ እታለም ከጋሼ ሀቢብ ዘንድ ሥጋ እየገዙ ለእኔና ለአባቴ የሚሠሩበት ለብቻው የተቀመጠ ድስት ነበራቸው። በእኔ ስም «የመድና ድስት» ይሉታል። ሠናይት የእነሱን ወጥ በጨለፈችበት ጭልፋ ልትነካው ስትል እጇን በማማሰያ ይመቷታል።

እናቴ ሃጂራ ያለችው ደሴ ነበር። እኔና አባቴ በካርቱም በኩል ስንወጣ የታመሙ እናቷን ጥላ መምጣት አልሆነላትም፤ «እከተላችኋለሁ» ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲያ የእሷ ነገር «ፕሮሰስ ላይ ነው» ሆነ። አባቴ ይህን ቃል ከአፉ አይለየውም ነበር። ፕሮሰስ ምን እንደሆነ ባይገባኝም፣ እንደ ዝናብ አንድ ቀን ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር አድርጌ እጠብቀው ነበር።

ቴኒስ ያስተማሩን ጋሼ ወንዳፍራሽ ናቸው። አዲስ አበባ አንድ ክበብ ውስጥ አሠልጣኝ የነበሩ ሰው፣ እዚህ ሳንታ ሞኒካ ያለ ሆቴል የእንግዳ መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። እንግዶች የጣሉትን ኳስና እጀታው የተላጠ ራኬት በከረጢት እየያዙ ይመጡና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን መናፈሻ ሜዳ ላይ የሐበሻን ልጅ ሁሉ ያሯሩጡታል። «መስመር ዘመድ የለውም!» ይሉናል ጣታቸውን እያወዛወዙ። በእሳቸው ሜዳ ማልቀስ ይቻላል፤ ማጭበርበር ግን የማይታሰብ ነው። በዚያ ክረምት ማኅበራችን የልጆች ውድድር አዘጋጀና እኔና ሠናይት ለፍጻሜ ደረስን። ሠናይት ከእኔ ትበልጥ ነበር። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ እሷም ታውቀዋለች፣ አጥሩ ላይ የሚቀመጡት ወፎችም ሳያውቁት አይቀሩም። ግን እልኸኛ ነበርኩ። አንዴ ብቻ፣ ሰው ሁሉ እያየ ላሸንፋት ቆርጬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሠናይትን ለልምምድ ልጠራት ወረድኩ። የማዕድ ቤታቸው መስኮት ክፍት ነው። የተቀቀለ ምስር ሽታ ይወጣል። ከውስጥ የትልልቅ ሰዎች ድምፅ ሰማሁና ግድግዳው ሥር ቆምኩ።

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አያድርም፤» ይላሉ ጋሼ ሀቢብ። በዚህ ሰዓት ሱቃቸውን ጥለው መምጣታቸው ራሱ ገረመኝ። «አደራ ሆኖብኛል። ዛሬውኑ አባትየውን ቁጭ አድርገን ብንገላገለው ይሻላል።»

«ኧረ ጋሼ ሀቢብ፣ ይተዉ እስቲ!» አሉ እትዬ እታለም። «በሽር ቀኑን ሙሉ ድራይቭ ሲያደርግ ነው የሚውለው። ይህን በልቡ ይዞ መሪ ሊጨብጥ ነው? ደግሞስ እሱ ካወቀ ከልጅቷ እንዴት ይደበቃል? ፍጻሜ ፍጻሜ እያለች ክረምቱን ሙሉ ስትቃጠል የከረመች ልጅ ናት። እሁድን ትጫወትባት። የእናቷ ነገር ከዚያ በኋላ ይሁን።»

«ሶ ሰኞ ነው የምንለው?» አሉ ጋሼ ዳኜ። «ኦኬ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰዉ ሥራ ሳይገባ። ሁላችንም ባለንበት፣ አባትና ልጅ አንድ ላይ።»

«አላህ ይሁናቸው፤» አሉ ጋሼ ሀቢብ። ቀጥሎ እትዬ እታለም አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ተሰማኝ።

አማርኛ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይህን ቢሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ ለወዳጁ ይላካል። ወዳጅ ደግሞ አፉን ይዞ፣ ሰው አሰባስቦ፣ በማለዳ ሄዶ ያረዳል። እኔ ግን በሕይወቴ መርዶ አይቼ አላውቅም ነበር። ያየሁት ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ለፋሲካ የእትዬ እታለም እህት ዓለምፀሐይ ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ ለእሳቸው ትንፍሽ ሳይሉ ከኤርፖርት በቀጥታ ቸርች ወስደው፣ በመዝሙሩ መሐል ከመጋረጃ ኋላ አስወጥተዋት ነበር። ሰዉ ሁሉ በደስታ ሲላቀስ እኔም አብሬ አልቅሻለሁ። ታዲያ የእናቷ ነገር፣ ሁላችንም ባለንበት፣ አባትና ልጅ አንድ ላይ ሲሉ ስሰማ ሌላ ምን ላስብ? ፕሮሰሱ አልቋል። እናቴ መጥታለች ወይም ልትመጣ ነው!

ምስጢራቸውን እንዳላበላሽባቸው ሠናይትን ሳልጠራ፣ ጫማዬን አውልቄ ደረጃውን ወጣሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ከራሴ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ሰኞ ያሉት ለማስመሰል ነው እንጂ እሁድ ሜዳው ዳር አስቀምጠው፣ እሷ እያየችኝ እኔ ሳላያት ሊያጫውቱኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ራኬት ይዤ አይታኝ አታውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከሐሙስ እስከ እሁድ ይህችን ሐሳብ ጨብጬ ዋልኩ፣ ጨብጬ አደርኩ። ከእንግዲህ ፍጻሜው የዋንጫ ጉዳይ አልነበረም። እናቴ ከስንት ዘመን በኋላ ስታየኝ የተሸነፈች ልጅ ማየት የለባትም።

ቅዳሜ እትዬ እታለም ባልዲና መወልወያ ይዘው ወደ እኛ ወጡ። «ሴት የሌለበት ቤት» እያሉ ምንጣፉን አራገፉ፣ መስኮቱን አጠቡ፣ ፍራሾቹን ከመኝታ ቤት አውጥተው በሳሎኑ ግድግዳ ሥር ዘረጉ። አባቴ የታክሲውን ቁልፍ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል።

«እትዬ፣ ምነው ይህን ሁሉ? ምን ተገኘ?»

«ምን ይገኛል? ከጨዋታው በኋላ ሰዉ ጎራ ቢል ብዬ ነው፤» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ያንኑ ያጠቡትን መስታወት ደግመው አጠቡት።

እኔ ትራስ ውስጥ አፌን ቀብሬ ሳቅሁ። ትልልቅ ሰዎች መዋሸት እንዴት አይችሉበትም! ታች ቤት ደግሞ «የመድና ድስት» አልበቃ ብሎ ከጋሼ ሀቢብ ቤት ሌላ ትልቅ ድስት መጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ምግብ ለእናቴ መቀበያ ካልሆነ ለማን ነው? ከብዙ ዓመታት በኋላ አባቴን፣ «የወሎ ሰው አይደለህም እንዴ? እንደ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ግድግዳ ሥር ሲነጠፍልህ እንዴት አልጠረጠርክም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሠናይት መጣች። ለልደቷ የተገዛላትን፣ ማንም እንዲነካባት የማትፈልገውን አዲሱን ራኬት ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ነገ በዚህ ተጫወቺ፤» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔ በአሮጌው። አይ ዶንት ኬር።»

ተናደድኩ። ንቀት መሰለኝ። በአሮጌ ራኬትም እበልጥሻለሁ ማለቷ ነው አልኩ። «ራኬትሽን ያዢ! በራሴ ነው የማሸንፍሽ፤» ብዬ በሩን ዘጋሁባት። በሩ ማዶ ረጅም ጊዜ ቆማ እንደነበር አውቃለሁ፤ ደረጃውን ስትወርድ የተሰማኝ ዘግይቶ ነው። እናቷ አልነገሯትም ነበር፤ ሴቶቹ ድስቱን ሲያጣጥቡ ሲያወሩ ሰምታ ነው የደረሰችበት። የሚያጫውት ነገር እንዳልሆነ ገብቷት ያላትን ትልቅ ነገር ይዛልኝ መምጣቷን የተረዳሁት ሰኞ ነው። ያኔ ደግሞ መረዳቴ ራሱ አናደደኝ።

እሁድ ሜዳው ዙሪያ ያን ያህል ሐበሻ አይቼ አላውቅም። የእነሠናይት ቸርች ሰዎች ከአምልኮ በቀጥታ መጥተዋል። የጋሼ ሀቢብ ሱቅ ተዘግቷል፤ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ይላል። ጋሼ ዳኜ ቀለም የሚቀቡበትን መሰላል አምጥተው መረቡ አጠገብ አቆሙና ጋሼ ወንዳፍራሽ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ዳኛው እሳቸው ናቸው። ሙቀቱ ከሲሚንቶው እየተነሳ እግራችንን ያቃጥላል። እኔ ገና ሳልጀምር ሰዉን በዓይኔ ማበጠር ያዝኩ። ጥላው ሥር ጀርባዋን የሰጠችኝ ነጠላ የለበሰች ሴት አየሁ። ትከሻዋ የእናቴ ትከሻ ነው። ዞር ስትል የማላውቃት ሴት ሆነች፤ ቢሆንም ፈገግ አለችልኝና፣ ወዲያው ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ስንጀምር ሰዉ ሁሉ ለእኔ አጨበጨበ። ኳስ ስመታ «ጎሽ መድና!» ኳስ ስስት «አይዞሽ መድና!» የሠናይት የቸርች ጓደኞች እንኳ ለእኔ ይጮኻሉ። ለሷ ማን ይጩህላት? አባቷ አንዴ «በርቺ» አሉና እትዬ እታለም በክርናቸው ሲጎስሟቸው አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሰዉ በመጨረሻ የኔን ነገር አወቀልኝ አልኩ። ሠናይት ሰርቭ ስታደርግ ማስጀመሪያ ኳሷን መረቡ ላይ ደጋገመች፤ ሠናይት፣ ዓይኗን ተሸፍና ሰርቭ ብታደርግ የማትስተው! የፈራችኝ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ መሐል ላይ አንዳች ነገር ያዛትና እንደ ወትሮዋ ሆነች፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያሯሯጠች ጉሮሮዬ ደም ደም እስኪለኝ አሠራችኝ። አንድ ጊዜ የምታዝንልኝ፣ አንድ ጊዜ የምትገድለኝ ትመስላለች። ተጠጋጋን። በመጨረሻ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረችኝ። እሷን ካገኘሁ ዋንጫው የኔ ነው።

ያቺን ኳስ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ኳሷን ጥጉ ድረስ ገፋኋትና ልጨርስ ወደ መረቡ ሮጥኩ። ሠናይት ተንሸራታ ደረሰችባት። ኳሷ በቀኜ በኩል፣ መስመሩን ይዛ፣ ጆሮዬን እየነፋች አለፈች። ዞር ስል መሬት ነክታ ነጥራለች። የት እንደነካች አላየሁም። ያየሁት ሠናይትን ነው፤ ጡጫዋን ጨብጣ ወደ ላይ ሰቅላለች።

ጋሼ ወንዳፍራሽ ከመሰላሉ ጎንበስ አሉ። መስመሩን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም ጋሼ ሀቢብ የተቀመጡበትን አዩ።

«አውት!» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «አውት ነች። አሸናፊዋ መድና በሽር!»

«ኧረ ጋሼ፣ ኢን ናት! መስመሩ ላይ ናት እኮ!» ብሎ አንድ ጎረምሳ ከአጥሩ በኩል ጮኸ። ሌላው ክንዱን ይዞ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ጎረምሳው ወደ እኔ ተመለከተና አንገቱን ደፋ።

የሠናይት ጡጫ ገና አልወረደም። አፏ ተከፍቷል። አሁን ልትጀምረው ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ መሰላሉን ልትነቀንቅ፣ ራኬት ልትወረውር። ወደ እናቷ ዞረች። እትዬ እታለም ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሠናይት እጇን አወረደች። ወደ መረቡ መጥታ አቀፈችኝና ትከሻዬ ላይ ተንሰቀሰቀች። «ሶሪ፣ መድና፣ አይ አም ሶ ሶሪ» ትላለች። አሸናፊን ማን ይቅርታ ይጠይቃል? መሸነፍ እንዲህ ካስለቀሳት ስፖርት ውስጥ ምን አላት አልኩ በልቤ። ከሷ የበለጥኩ ትልቅ ሰው ሆኜ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረግሁላት። ያን መታበዬን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ጋሼ ወንዳፍራሽ ዋንጫውን ሲሰጡኝ ዓይን ዓይኔን አላዩኝም። ግንባሬን ሳሙና «አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ እየመጣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለኝ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የደስታ እንባ ነው፤ ለፋሲካም ያየሁት ይህንኑ ነው። ከመሐላቸው እናቴ እስክትወጣ ጠበቅሁ። አልወጣችም። ደክሟት ይሆናል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በቃ ያሉት ሰኞ ነው አልኩ። አባቴ ብቻ ከልቡ ይስቅ ነበር። በታክሲው ወደ ቤት ስንመለስ ዋንጫውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ለየመንገደኛው ጥሩንባ ነፋ። «ለእናትሽ ፎቶ አንስተን እንልክላታለን» ሲለኝ ምስጢሩን ላለማውጣት ምላሴን ነከስኩ።

ሰኞ ማለዳ በር ተንኳኳ። አባቴ ለሥራ ለብሶ ሻይ ይጠጣ ነበር። በሩን ሲከፍት በመኝታ ቤቱ በር ስንጥቅ አየኋቸው። ደረጃው እስከ ታች በሰው ተሞልቷል። ጋሼ ሀቢብ ከፊት፣ ጋሼ ዳኜና ጋሼ ወንዳፍራሽ ከኋላቸው፣ ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች። ነጠላ ማዘቅዘቅ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የሌሊት ልብሴን ጥዬ የትናንቱን የመጫወቻ ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። ዋንጫውን አነሳሁ። አባቴ «ግቡ፣ ግቡ፣ ምነው በጠዋቱ?» እያለ በር እንደያዘ፣ በብብቱ ሥር ሾልኬ ወጣሁ።

በሴቶቹ መሐል እየተጋፋሁ ወረድኩ። እያንዳንዷን ቀና ብዬ አያለሁ። ይህችም አይደለችም፣ ይህችም አይደለችም። ዋንጫው የሰው ጉልበት ያጋጨኛል። ከደረጃው ግርጌ ደረስኩ፤ ሰው አለቀ። ባዶው መንገድ ብቻ ቀረ። መኪና ውስጥ ደብቀዋት ይሆናል ብዬ የቆሙትን መኪኖች መስኮት አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ ተመልሼ እየሳቅሁ፣ «በቃ አውቄያለሁ! እማ የት ናት? አውጧት!» አልኩ።

እትዬ እታለም አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ከላይ የጋሼ ሀቢብ ድምፅ መጣ። «በሽር፣ ቁጭ በል ወንድሜ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሃጂራን አላህ ወስዷታል። ከተቀበረች ሳምንት አልፏታል።» ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአባቴ ሊወጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ደረጃው ላይ ያለው ሴት ሁሉ በአንዴ ጮኸ። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ያሉት ፈረንጆች በየመስኮታቸው ብቅ አሉ።

እኔ አላለቀስኩም። ሠናይት ከበራቸው ደፍ ላይ በሌሊት ልብሷ፣ የእናቷን ነጠላ ደርባ ቆማለች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አዎ» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ትናንትም?»

ደግማ ነቀነቀች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ራኬቱ፣ ጭብጨባው፣ «አይዞሽ»ው፣ መረብ ላይ የቀረው ሰርቭ፣ የወረደው ጡጫ። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ በነጭ ቀሚስ ስዘል፣ ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አይቶኛል። አንድ እንኳ፣ አንድ እንኳ አልነገረኝም። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ጋሼ ወንዳፍራሽ ግድግዳ ተደግፈው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይጠመዝዛሉ። ዋንጫውን እግራቸው ሥር ወረወርኩት።

«ይደገም!» አልኩ። «ነጥቡ ይደገም! ገብታለች፣ ኳሷ ገብታለች፣ ይደገም!»

«ልጄን አእምሮዋን ነካት፤ ውኃ አምጡ!» አለች አንዷ። ፊቴ ላይ ውኃ ረጩብኝ። እኔ ግን አላበድኩም ነበር። በእኔ ሒሳብ ነገሩ ግልጽ ነው። ኳሷን የሰጡኝ እናቴ ስለሞተች ነው። ነጥቡ ተደግሞ ከተሸነፍኩ የሰጡኝን መለስኩላቸው ማለት ነው፤ ያኔ እነሱም የወሰዱትን መመለስ አለባቸው። የጋሼ ወንዳፍራሽን ሱሪ ይዤ «ይደገም፣ ይደገም» ስል ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።

ከሁሉ አንጀቴን የቆረጠኝ ግን ከቀብር በማይተናነሰው በዚያ የለቅሶ ሳምንት ማብቂያ ላይ የሆነው ነው። ሰዉ ሲበተን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን እጅ ጨብጦ አመሰገነ። ለጋሼ ወንዳፍራሽ፣ «ልጄን አንድ ቀን አስደሰታችሁልኝ፤ አላህ ይክፈላችሁ» አላቸው። ከጎኑ ቆሜ ሰማሁት። እሱም እንደ እኔ ተታሎ፣ እንደ እኔ ጥሩንባ ሲነፋ የዋለ ሰው፣ ከእነሱ ወገን ሆነ። በዚያ ቤት ብቻዬን ቀረሁ። ራኬት ዳግመኛ አልያዝኩም።

አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ ልጆች ወልጃለሁ። እትዬ እታለም ምን እንዳሰቡ ይገባኛል። ለእናት አልባ ልጅ የመጨረሻዋን እሁድ ሊያተርፉላት ፈልገው ነው። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ እኮ ይቅር ማለት ይቀለኝ ነበር። እነሱ ግን በፍቅር ነው ያታለሉኝ፤ ለዚያ ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ሠናይት ዛሬ ዌስትውድ ነርስ ናት። አልተለያየንም፤ እንዲህ ያለውን ነገር አብሮ ያለፈ ሰው መለያየትም አይሆንለትም። ባለፈው ወር ጋሼ ወንዳፍራሽን ቀበርናቸው። ከቀብር ስንመለስ መኪናዋን ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች፤ ሁለታችንም አልወረድንም።

«ሠናይት፣» አልኳት፣ «አሁን ኳሷን ከቅርብ ያየ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው። አልቀየምሽም፣ ወላሂ። ገብታ ነበር አይደል?»

መሪውን እንደያዘች ወደ ፊት ለፊቷ ታያለች። አገጯ ተንቀጠቀጠ።

«አውት ነበረች፤» አለችኝ።

የእናቴን መርዶ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ሰው ሰብስበው አርድተውኛል። የዚያችን ኳስ እውነት የሚያረዳኝ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።